«ታላቅ ወንድም» የሰጠው ጠርሙስ

ልጅዎ ዘንድሮ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ሊገባ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። ነሐሴ ላይ አንሶላውን፣ ላፕቶፑንና እናቱ በፌስታል የቋጠረችለትን ዳቦ ቆሎ መኪና ላይ ጭነው ዶርም ያደርሱታል። አልጋውን ያነጥፉለታል፣ በሩ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ሲመለሱም መንገዱን ሙሉ ስለ ክፍያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጓደኞቹ እያሰቡ ይነዳሉ። አንድ ነገር ግን ከአብዛኞቻችን ሐሳብ ውስጥ አይገባም። አብረነው ስላላደግን ቃሉ እንኳ በቋንቋችን የለም። ሄዚንግ ይባላል።

ሄዚንግ ማለት አንድ ማኅበር ወይም ቡድን አዲስ ገቢውን «ከእኛ ለመሆን ትበቃለህ ወይ?» በሚል ሰበብ የሚያዋርድበት፣ የሚያሠቃይበት ወይም አደጋ ላይ የሚጥልበት ልማድ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጠርሙስ ማስጨረስ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ መከልከል፣ በመቅዘፊያ መሰል ጣውላ መግረፍ፣ ዓይን ሸፍኖ ጫካ መውሰድ፣ ሌሊት እየቀሰቀሱ መላላክ ሁሉ ይገኝበታል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ «ፍሬሽ» ተብላችሁ ነባሮቹ ሲቀልዱባችሁ የነበረውን ታስታውሱ ይሆናል። ያ ዛሬ ሲነሣ የሚያስቅ ትዝታ ነው። ይህኛው ሰው ይገድላል። ጉዳዩን ለአሥርት ዓመታት እየተከታተለ የመዘገበው ጋዜጠኛ ሀንክ ኑዌር እንደሚያሳየው፣ ከ1959 እስከ 2021 ድረስ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ በዚህ ምክንያት ሞቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩ ምንድን ነው?

የወንድ ተማሪዎቹ ማኅበር ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። ስማቸውን በግሪክ ፊደላት ስለሚያወጡ አኗኗሩን በጥቅሉ «ግሪክ ላይፍ» ይሉታል። የመጀመሪያው በግሪክ ፊደል የተሰየመ ማኅበር ፋይ ቤታ ካፓ የተቋቋመው አሜሪካ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1776 ነው። ሂደቱ በየትም ቢሆን ይመሳሰላል። መጀመሪያ ግብዣና ትውውቅ አለ፤ ቀጥሎ ማኅበሩ «እንፈልግሃለን» የሚል ጥሪ ይሰጣል፤ ጥሪውን የተቀበለው ልጅ ለተወሰኑ ሳምንታት እጩ ይሆናል፤ በመጨረሻ በምስጢራዊ ሥርዓት ሙሉ አባል ይደረጋል። አደጋው ያለው በመሐል ባሉት የእጩነት ሳምንታት ነው።

ለእውነት ያህል፣ ማኅበራቱ ሁሉ የክፋት ጎጆ አይደሉም። ብዙ ሺህ ማይል ከቤተሰቡ ለራቀ ልጅ ወዳጅ፣ ጥናት የሚያግዝ፣ ቆይቶም ሥራ የሚጠቁም ሰው ያስገኛሉ። እድርና እቁብ ለምናውቅ ለእኛ የዚህ ጥቅም ሊነገረን አያስፈልግም። ስለዚህ ልጅዎን «እንዳትገባ!» ብሎ መከልከል ቀላሉ መንገድ ይመስላል እንጂ አይሠራም። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይገባል፤ ተደብቆ የገባ ልጅ ደግሞ ሲጨንቀው ቤት አይደውልም።

አንድ ሌሊት በፔንሲልቬኒያ

ቲሞቲ ፒያዛ የ19 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 ምሽት፣ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቤታ ቴታ ፓይ የሚባለው ማኅበር ጥሪ የተቀበሉትን እጩዎች ቤቱ ጠራ። ልጆቹ ተሰልፈው ከአንዱ የመጠጥ ጣቢያ ወደ ሌላው እየሮጡ ቮድካ፣ ቢራና ወይን እንዲጠጡ ተደረገ። መርማሪዎች በኋላ ከካሜራ ምስል እንደቆጠሩት፣ ለቲሞቲ በ82 ደቂቃ ውስጥ 18 መጠጥ ተሰጥቶታል።

ሌሊቱን በምድር ቤቱ ደረጃ በጭንቅላቱ ወደቀ። ተሸክመው ሶፋ ላይ አስተኙት። በጀርባው ተኝቶ በትውከቱ እንዳይታነቅ በሚል ዕቃ የታጨቀ የተማሪ ቦርሳ ጀርባው ላይ አሰሩለት። ይህን ልብ ይበሉ፦ ሊሞት እንደሚችል የገመተ ሰው ነበር ማለት ነው። አንድ ወጣት አባል «ሐኪም እንጥራ» ሲል ገፍተው ዝም አሰኙት። 911 የተደወለው ከ12 ሰዓት ያህል በኋላ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ፣ ጣፊያው ተቀዶ ነበር። ፌብሩዋሪ 4 አረፈ።

ቤቱ በወረቀት ላይ መጠጥ የማይገባበት ቤት ነበር። ካሜራም ተገጥሞለታል። እና እርስዎ ሲጎበኙት ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ደንብ ቢያዩ፣ ደንብ ሰው አያድንም።

«ታላቅ ወንድም» የሚባልበት ምሽት

ከሁሉም ይልቅ ወላጅ በስም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምሽት አለ። «ቢግ ብራዘር ናይት» ወይም «ቢግ ሊትል» ይባላል። እያንዳንዱ እጩ የትኛው ነባር አባል «ታላቅ ወንድሙ» እንደሆነ የሚገለጽለት ምሽት ነው። በብዙ ቤቶች ልማዱ ታላቁ ለታናሹ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጠንካራ መጠጥ መስጠት ነው፤ ታናሹም ሌሊቱን እንዲጨርሰው ይጠበቃል።

በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም ማለት አባት ሲሞት በአባት ቦታ የሚቆም፣ ታናሹን አስተምሮ የሚድር ነው። ቃሉ በዚህ መልኩ ሲውል መስማት ለጆሮም ይከብዳል።

ኖቬምበር 2017፣ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፦ አንድሩ ኮፊ፣ 20 ዓመቱ፣ የታላቅ ወንድም ምሽት፣ አንድ ጠርሙስ ቦርበን። ፌብሩዋሪ 2021፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ፣ የሐበሻ ቤተሰብ በብዛት ከሚኖርበት ከሰሜን ቨርጂኒያ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፦ አዳም ኦክስ፣ 19 ዓመቱ፣ የታላቅ ወንድም ምሽት፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ዊስኪ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ኦሃዮ፣ ቦውሊንግ ግሪን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፦ ስቶን ፎልትዝ፣ 20 ዓመቱ፣ ያው ምሽት፣ ያው ጠርሙስ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሚዙሪ ውስጥ አንድ ተማሪ በተመሳሳይ ምሽት ቮድካ ጠጥቶ ከሞት ተረፈ፤ ነገር ግን ማየት፣ መራመድና መናገር ተሳነው። አራቱን የሠራኋቸው ሆን ብዬ በተከታታይ ነው። የአራት የተለያዩ ማኅበራት፣ የአራት የተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ታሪክ ሲሆን ዘዴው አንድ ነው።

ለምን ይገድላል? ጉበት በሰዓት የሚያጣራው በግምት አንድ መጠጥ ያህል ብቻ ነው። ልጁ የመጨረሻውን ጉንጭ ውጦ ሲወድቅ ጨጓራው ውስጥ ያለው አልኮል ገና ወደ ደሙ እየገባ ነው። ስለዚህ «ይተኛ፣ ይበርድለታል» የሚሉት ሰዓት በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ወደ ላይ የሚወጣበት ሰዓት ነው። አንጎል ትንፋሽን ማዘዝ ያቆማል፤ ወይም ልጁ ሳይነቃ አስመልሶ ይታነቃል። ቡና አይረዳም። ቀዝቃዛ ሻወር አይረዳም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ሲጠሩት የማይነቃ፣ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ገላው የቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ሲታይ 911 ነው፤ አምቡላንስ እስኪደርስ በጎኑ አስተኝቶ ብቻውን አለመተው ነው። ይህችን አንቀጽ ቆርጠው ለልጅዎ ቢልኩለት አልቀየምም።

መጠጥ ብቻ እንዳይመስልዎ ደግሞ በ2005 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ ላይ ማቲው ካሪንግተን የተባለ የ21 ዓመት ወጣት የሞተው በውሃ ነው። በብርድ ምድር ቤት ውስጥ ቬንቲሌተር እየነፋበት፣ ስፖርት እያሠሩ ያለማቋረጥ ውሃ አስጠጡት። ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጠነና አንጎሉ አበጠ።

ልጆቹ ለምን ወጥተው አይሄዱም?

ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። «በሩ ክፍት ነው፤ እግር አለው፤ ለምን አይወጣም?»

በ1959 ኤሊዮት አሮንሰንና ጀድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አደረጉ። አንድ የውይይት ቡድን ውስጥ መግባት የሚፈልጉ ሴት ተማሪዎችን ከፋፍለው ለከፊሎቹ መግቢያውን በጣም የሚያሳፍር፣ ለሌሎቹ ቀላል አደረጉት። ከዚያ ሁሉም የሰሙት ውይይት ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ ነበር። መግቢያው የከበደባቸው ግን ውይይቱን «ደስ ይላል» ብለው ከሌሎቹ አብልጠው ወደዱት። ሰው ብዙ የከፈለበትን ነገር «ዋጋ የለውም» ለማለት አንጀቱ አይችልም። ዘንድሮ የተገረፈው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ጅራፉን የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው፦ «እኔም አልፌበታለሁ»።

እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ የእኛው ነገር አለ፤ ይሉኝታ። «ሰው ምን ይላል» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ሃያ ሰው ከቦት እያጨበጨበ ጠርሙሱን መልሶ ማስቀመጥ ከማንም በላይ ይከብደዋል። ታላቅን አለመቃወምን እኛው አስተምረነዋል። እንግዳ ተቀባይ ቤት የቀረበለትን «አልፈልግም» ማለት ነውር እንደሆነም እንዲሁ። ቤት ውስጥ የሚያስመሰግነው ጠባይ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ያስጠቃዋል።

በ2008 በሜይን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤልዛቤት አለንና ሜሪ ማደን፣ በ53 ኮሌጆች ባደረጉት ጥናት በክበባት፣ በቡድኖችና በማኅበራት ከሚሳተፉት ተማሪዎች 55 በመቶው ሄዚንግ የሚባል ነገር ደርሶባቸዋል። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። የደረሰባቸው ነገር ሄዚንግ መሆኑን ከሚያውቁት መካከል 95 በመቶው ለኮሌጁ ኃላፊዎች አልተናገሩም።

«የኛው ልጆች ናቸው» የሚለው መጽናኛ

«የእኔ ልጅ ከነጮቹ ሀብታሞች ጋር አይገጥምም» ብለው ከሆነ፣ ይህን ያንብቡ። ቹን ሸን ዴንግ ከቻይና የፈለሱ ወላጆች አንድያ ልጅ ነበር፤ ኒው ዮርክ ባሩክ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ 19 ዓመቱ። የገባው ፓይ ዴልታ ሳይ ወደሚባል የእስያ-አሜሪካውያን ማኅበር ነው፤ የመሰሎቹን ወዳጅነት ፈልጎ። ዲሴምበር 2013 ወደ ፔንሲልቬኒያ ተራሮች ወሰዱት፤ ዓይኑን ሸፍነው፣ አሸዋ የተሞላ ቦርሳ አሸክመው በብርድ ሜዳ ላይ እየተሯሯጡ ጣሉት። ራሱን ከሳተ በኋላ ልብሱን ቀየሩለት፤ ስለ ሕመሙ ኢንተርኔት ላይ ፈለጉ፤ ሆስፒታል ያደረሱት ዘግይተው ነው። ፍርድ ቤት በኋላ አባላቱን ብቻ ሳይሆን ብሔራዊ ማኅበሩን ራሱን ጥፋተኛ ብሎ፣ ከፔንሲልቬኒያ ለ10 ዓመት አገደው።

ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር የሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ «ዲቫይን ናይን» የሚባሉትን ዘጠኝ ታሪካዊ ማኅበራት ያገኛሉ። በርካቶቹ የተመሠረቱት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የአልፋ ፋይ አልፋ አባል ነበር፤ ካማላ ሃሪስ ሀዋርድ እያለች አልፋ ካፓ አልፋ ገብታለች። የሚያኮራ ታሪክ ነው። እነዚህ ማኅበራት በ1990 የእጩነት ጊዜ የሚባለውን ልማድ ራሳቸው በይፋ ሽረዋል፤ ሆኖም በድብቅ የቀጠሉ ቅርንጫፎች ነበሩ፣ ክስም ተከትሏል። ከማኅበራቱም ውጪ፣ በ2011 ፍሎሪዳ ውስጥ ሮበርት ቻምፒየን የተባለ የማርሽ ባንድ መሪ አውቶቡስ ውስጥ በባንዱ ባልደረቦቹ ተደብድቦ ሞቷል። ባንድ፣ ስፖርት ቡድን፣ የባህል ክበብ፣ ሁሉም ጋ ሊኖር ይችላል። ለሴት ልጅዎም እንዲሁ፤ ሶሮሪቲ ውስጥ ከዱላው ይልቅ ስድቡ፣ ስለ ሰውነቷ የሚባለውና እንቅልፍ መንሳቱ ይበዛል።

ከልጅዎ ጋር ሲነጋገሩ

በስብከት አይጀምሩ። «አንተ አትጠጣም አይደል?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ውሸት ሊሆን ይችላል። ይልቅ ማኅበሩን ይጠይቁበት። እጩነቱ ስንት ሳምንት ነው? የሚደረገውን ሁሉ ለእኔ ልትነግረኝ ትችላለህ? ባለፈው ዓመት ከጀመሩት ስንቱ ጨረሱ? ታላቅ ወንድም የሚገለጽበት ምሽት መቼ ነው፤ የት ነው? መኪና የሚነዳህ ማን ነው? «ምስጢር ነው» የሚል መልስ ለመዝሙርና ለእጅ ሰላምታ ይሆናል። ለሰውነቱ ግን ምስጢር የለም።

ከዚያ አንድ ውል ይግቡ። በየትኛውም ሰዓት ቢደውል፣ ሰክሮም ቢሆን፣ ጓደኛው ወድቆም ቢሆን፣ ያን ሌሊት ቁጣም ጥያቄም እንደማይኖር ቃልዎን ይስጡት። ቃልዎን ከሰጡ ደግሞ ይጠብቁ፤ አንዴ ካፈረሱት ሁለተኛ አይደወልልዎትም። «እናቴ ታማለች፣ መሄድ አለብኝ» የሚያሰኘው አንድ የስምምነት ቃል ቢኖራችሁም ጥሩ ነው። ሐበሻ ልጅ በእናቱ ስም ሲወጣ ማንም አይስቅበትም። ከሁሉም በላይ ግን «ለሌላው ልጅ 911 የምትደውለው አንተ ሁን» ይበሉት። ሐኪም የጠራ ተማሪ ራሱ መጠጣቱ እንዳያስቀጣው የሚከላከል ሕግ ብዙ ክፍለ ግዛቶች አሏቸው፤ በፍሎሪዳ በአንድሩ ኮፊ ስም የወጣው የ2019 ሕግ የሄዚንግ ክሱን ጭምር ይመለከታል።

የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። ሁልጊዜ ያንቀላፋል፤ ስልኩን ከእጁ አይለይም፣ የሌላ ሰው ትእዛዝ እንደሚጠብቅ። ብር በድንገት ይፈልጋል። ማርክ ይወርዳል። ሲጠይቁት «ልነግርሽ አልችልም» ይላል። ገላው ላይ ያለውን ጠባሳ «ኳስ ስጫወት» ይለዋል። ሁለት ሦስቱ ከተገጣጠሙ መኪናዎን ያስነሡ፤ በስልክ አይጨርሱት። ልጅዎ 18 ከሞላው በኋላ የግል መረጃውን የሚጠብቅ ሕግ ስላለ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ነገር ለእርስዎ ላይነግር እንደሚችል ይወቁ። እርስዎ ግን ለእነሱ መናገር ይችላሉ። ለዲኑ ቢሮና ለካምፓስ ፖሊስ፣ ስም ሳይሰጡ ለመጠቆም ደግሞ በ1-888-668-4293 የሚሠራው የጸረ-ሄዚንግ መስመር አለ።

ሕጉ አሁን የት ደርሷል?

አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሄዚንግን የሚከለክል ሕግ አላቸው፤ ቅጣቱ ግን ለረጅም ጊዜ ቀላል ነበር። የከበደው ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች በየምክር ቤቱ ደጅ በመጥናታቸው ነው። ፔንሲልቬኒያ በ2018 በቲሞቲ ፒያዛ ስም፣ ሉዊዚያና በዚያው ዓመት በማክስ ግሩቨር ስም፣ ኦሃዮ በ2021 በኮሊን ዋያንት ስም፣ ቨርጂኒያ በ2022 በአዳም ኦክስ ስም ሕግ አወጡ። ማክስ ሲሞት ሉዊዚያና ስቴት ከገባ አንድ ወር ያህሉ ነበር፤ ስለ ማኅበሩ ታሪክ ሲጠየቅ በተሳሳተ ቁጥር ያጠጡት ነበር። በአንዳንዶቹ ሕጎች ልጁ «ተስማምቶ ነው የጠጣው» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ዲሴምበር 2024 ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን ለመላው አገሪቱ የሚሠራ ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት ኮሌጆች የሄዚንግ ቁጥራቸውን በዓመታዊ የደህንነት ሪፖርታቸው ውስጥ ማካተትና ተማሪዎቻቸውን ስለ መከላከሉ ማስተማር አለባቸው። ለወላጅ ትልቁ ነገር ግን ሦስተኛው ግዴታ ነው፦ ጥፋተኛ ሆነው የተገኙትን ማኅበራት በስማቸው፣ ከፈጸሙት ጥፋትና ከተወሰደባቸው እርምጃ ጋር በይፋ ድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት። ስለዚህ ልጅዎ የማኅበሩን ስም ሲነግርዎ፣ ግሪክኛው ባይገባዎትም ስሙን ፊደል በፊደል አጽፈው ይያዙና የኮሌጁን ዝርዝር አብራችሁ ክፈቱ። ስሙ ባይገኝ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያልተከሰሰ ወይም ምርመራው ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ቢገኝ ግን ቀኑን ይዩ፤ ጥፋቱ የተፈጸመው ዛሬ ልጅዎን የሚጋብዙት ልጆች በነበሩበት ጊዜ ነው ወይ? ዝርዝሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል። ብዙ ማኅበራት ሁለተኛውን ዙር ምልመላ የሚያደርጉት ከገና ዕረፍት በኋላ ስለሆነ፣ መስከረም ላይ ያያችሁትን ጥር ላይ እንደገና ክፈቱት።